አባባ ረመጥ ቋያ፣ የመርካቶው እንቁላል አቃፊ

አባባ ረመጥ ቋያ ከአባታቸው ከአባ ቋያና ከእናታቸው ከእመት ፍሜ፣ በወሎ፣ ሐይቅ ዳር፣ ገደሉ ውኃ በሚነካበት ዋሻ ውስጥ ተወለዱ። ዓመተ ምሕረቱን በቁርጥ የሚያውቅ የለም። ሲጠየቁ «ከብቱ ካለቀበት ክፉ ቀን በፊት ነው» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በላይ አይገፉበትም። ዕድሜ መቁጠር ብርድ ያመጣል ብለው ያምኑ ስለነበር ቤተሰቡም አልጨቀጨቃቸውም።

ከለቀስተኞች መካከል ስለ ዘንዶ ወገን ወግ የማያውቅ ሊኖር ስለሚችል ጥቂት መናገር ይገባል። በእነርሱ ዘንድ ሥራ የሚሰጠው በእሳት ጠባይ ነው። እሳቱ ወደ ውጭ የሚወጣለት ተራራና ምንጭ ጠባቂ ይሆናል፤ ይፈራል፣ ይከበራል፣ በሠርግም በለቅሶም ፊት ይቀመጣል። እሳቱ በውስጡ የሚቀርበት ደግሞ አቃፊ ይሆናል። የዘንዶ እናት እንቁላል ጥላ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ክንፏ ያሳክካታል። ስለዚህ ለአቃፊ ትሰጥና ትበራለች፤ አቃፊው የወገኑን ሁሉ እንቁላል ተቀብሎ፣ ታቅፎ፣ ፈልፍሎ ያስረክባል። አቃፊ አይዋጋም፣ አይበርም። እሳት ከአፉ ማውጣት ለእርሱ ትልቅ ነውር ነው። እንዲያም ሆኖ ማንም ተነስቶ ወንበር አይለቅለትም።

አባታቸው አባ ቋያ ስመ ጥር ተራራ ጠባቂ ስለነበሩ በልጃቸው አዝነው «ይህ ልጅ በጢስ እንኳ አይታማም» ብለው ነበር ይባላል። እናታቸው ግን «ተወው፣ ብርድ ሲመጣ ትፈልገዋለህ» ብለው መለሱ።

ለትምህርት ዕድሜያቸው ሲደርስ ወደ አፋር ቆላ፣ ፍል ውኃ ከሚወጣበት ስፍራ ተልከው፣ አንዲት አሮጊት አቃፊ ዘንድ ሙያውን ቀሰሙ። እንቁላል ማገላበጥ፣ ጆሮ ደግፎ ማዳመጥ፣ የሞተውን ከዘገየው መለየት ተማሩ። ዋናው ትምህርት ግን ቁጣን መዋጥ ነበር፤ አቃፊ ከተናደደ እንቁላሉ ይቀቀላልና። አባባ ረመጥ ይህን ትምህርት ካጠናቀቁ በኋላ በማንም ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ ዞር በይ ብለዋል፤ እሱም በቦታው ይነገራል።

በጠላት ጊዜ በሐይቅ ላይ አውሮፕላን መመላለስ ሲጀምር የዘንዶ ወገን በየፊናው ተበተነ። እርሳቸው እንቁላል ታቅፈው ስለነበር መሸሽ አልቻሉም። በዚያ መንገድ ቆዳና ማር ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ አቶ ሙደሲር የተባሉ ነጋዴ ሌሊት ያደሩበት ዋሻ የእርሳቸው ሆነና ሲነጋ ፊት ለፊት ተያዩ። አቶ ሙደሲር ሞቴ ነው ብለው ሸሃዳቸውን አወረዱና «ትበላኛለህ?» ብለው ጠየቁ።

«ጎመን ካለህ አልጠላም» አሉ አባባ ረመጥ።

ከዚያ ወዲያ ወንድማማች ሆኑ። አቶ ሙደሲር እንቁላሎቹን በቆዳ ጠቅልለው በበቅሎ ጫኑ፤ አባባ ረመጥ ቀን ቀን ገደል ለገደል፣ ማታ ማታ ከጭነቱ ጎን እየተጓዙ አዲስ አበባ ገቡ። ገበያው አዲስ ከተማ ላይ ገና በመተከል ላይ ነበር። ግርግር ስለበዛ አንድ ተጨማሪ መጤ ማን ያያል? ከሱቁ ጀርባ መጋዘን ተሰጣቸው። እስካሁን አለ፤ ዛሬ የተቀመጣችሁበት ነው።

በተከታዩ ክረምት የአቶ ሙደሲር ባለቤት በሰባት ወራቸው ሴት ልጅ ወለዱ። አዋላጇ ሕፃኗን አንስታ «ይቺ ጥጥ ናት እንጂ ልጅ ናት?» ብላ ለመጠቅለያ ጨርቅ ስትጠይቅ፣ አባባ ረመጥ ክንፋቸውን ከፍ አድርገው «ወዲህ በላት» አሉ። አቶ ሙደሲርም ልጃቸውን ከእንቁላሎቹ መካከል አስቀመጡ። ድምጿ ለማልቀስ እስኪበቃ ድረስ ከዚያ አልወጣችም። ያቺ ልጅ ጠሂራ ናት፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው። አባባ ረመጥ የእቅፍ አባቷ ናቸው፤ የእቅፍ ልጅ ከአብራክ ልጅ አያንስም።

ትዳርን በተመለከተ፣ ከዝቋላ ሐይቅ እየመጣች በመርካቶ ላይ የምትዞር አንዲት የዘንዶ እመቤት ነበረች። ክረምት በወጣ ቁጥር ቆርቆሮውን በጥፍሯ ታንኳኳና እንሂድ ትላቸዋለች። እርሳቸውም «ይኼ እንቁላል ይውጣና» ይሏታል። እሱ ሲወጣ ሌላ ይመጣል። አንድ ዓመት ሳታንኳኳ ቀረች። ስለዚህ ነገር አላወሩም፤ መስከረም ሲጠባ ግን ወደ ቆርቆሮው ቀና ብለው እንደሚቆዩ ቤተሰቡ ያውቃል፤ አውቆም አላየ ይመስላል።

ገላቸው ሰይቼንቶ ታክሲ የሚያህል፣ ጅራታቸው ግን ትርፍ ነበር። ለሠፈሩ ያልሆኑት ነገር የለም። በክረምት የታጠበ ልብስ ጀርባቸው ላይ ይደርቃል። እድሩ ለቅሶ ሲኖርበት በርሜል ውኃ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ይፈላል። ወገብ የሚያማቸው እናቶች ተደግፈዋቸው ይቀመጣሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም «ጋሼ ረመጥ» ይላቸው ነበር፤ ሃይማኖታቸውን የጠየቃቸው ሰው የለም። ረመዳን ሲሆን ይጾማሉ፣ ሁዳዴም ሲሆን ይጾማሉ፤ ጎመን በልቶ ምን ይጾማል የሚል ቀልደኛ አልጠፋም ነበር።

በ1966 ዓ.ም.፣ ወሎ በድርቅ በተቃጠለበት ወቅት፣ አንዲት የሐይቅ ዘንዶ እናት ዱባ የሚያህል፣ የዝንጅብል ቀለም ያለው እንቁላል አምጥታ ሰጠቻቸው። ተመልሳ አልመጣችም። ይህ እንቁላል ከሌሎቹ ሁሉ ዘገየ። ሌሎቹ በወቅታቸው ተሰንጥቀው ሲወጡ እሱ ዝም። የዘንዶ ሽማግሌዎች መልእክተኛ ልከው «ገልምቷል፣ ጣለው፤ አቃፊነትህን በገለማ እንቁላል አታሰድብ» አሏቸው። አባባ ረመጥ ጆሯቸውን ደግፈው አዳመጡ። ምንም አይሰማም። «ዘግይቷል እንጂ አልገለመም» ብለው መልእክተኛውን ሸኙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእርሳቸውም የቤተሰቡም ጭንቅ ይኸው አንድ እንቁላል ሆነ።

በነሐሴ 1970 ዓ.ም. የሆነውን ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ሕመማቸው የጀመረው ከዚያ ቀን ነውና።

በዚያን ጊዜ የጠሂራ ባለቤት አቶ እንድሪስ የሰልባጅ ንግድ ላይ ነበሩ፤ ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ በቦንዳ አስረው ወደ ደሴ ይልካሉ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ «አሰሳ! አሰሳ! በየቤቱ እየገቡ ነው!» የሚል ወሬ እንደ እሳት ተያያዘ። የቀበሌ ዘቦቹ የሚፈልጉት መሣሪያና ወረቀት ነው። አባባ ረመጥን መደበቅ ቀላል ነበር፤ ከቦንዳዎቹ መሐል ተጋድመው ቡትቶ ጣል ይደረግባቸዋል። እንቁላሉ ግን! ያንን የመሰለ ድቡልቡል ነገር ቦምብ አይደለም ብሎ ማን ያምናል? አቶ እንድሪስ ከሱፍ ካፖርቶች መካከል ሸጎጡትና ቦንዳውን በገመድ ጠፈሩት። አባባ ረመጥ ደግሞ ዘብ የሚበረብረው የቤት ውስጥ ዕቃ ነው፣ ደጅ የወጣ የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ ያልፈዋል ብለው አሰቡና ቦንዳውን በጅራታቸው ገፋ አድርገው ደጃፍ ላይ አኖሩት።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የዘነጉት የገዛ ደጃፋቸውን ወግ ነው። በሰልባጅ ነጋዴ ዘንድ ታስሮ ደጃፍ የወጣ ቦንዳ የተሸጠ ነው፤ ኩሊ አይጠይቅም፣ አያንኳኳም፣ አንስቶ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ከዚያ ደጃፍ የሚነሳው ሁሉ ወደ አውቶቡስ ተራ፣ ወደ ደሴው መኪና ነበር የሚሄደው። እነሆ ዱባለ የተባለው የሠፈሩ ኩሊ መጣ፣ አየ፣ ተሸከመ።

ዘቦቹ ገብተው ቤቱን ገለባበጡት። አንደኛው ደክሞት አባባ ረመጥ ጀርባ ላይ ተቀመጠና ሲጋራ ለኮሰ።

«የእናንተ ሰልባጅ ደግሞ ሞቅ ይላል» አለ።

«ሱፍ ስለሆነ ነው፣ ጓድ» አሉ አቶ እንድሪስ።

ዘቦቹ ሲወጡ ደጃፉ ባዶ ነው። ጎረቤታቸው ጌሾ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሠርኬ ከማዶ ሆነው «ቦንዳውን ነው? ዱባለ ወስዶታል፤ የደሴው ሊነሳ ነው ብሎ እየሮጠ!» አሉ። ጠሂራ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል አባባ ረመጥ ቡትቶውን አራግፈው ቆመዋል።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው? በቀን? በዚህ ወር?»

«ልጁ በረደው።»

«ያዩዎታል! ይተኩሱብዎታል! ይቀመጡ፣ እኔ እሮጣለሁ፣ ይቀመጡልኝ!»

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ።»

ጠሂራ ዞር አለች። ከጠላት ጊዜ ጀምሮ ከዚያ መጋዘን ያልወጡት አባባ ረመጥ በጠራራ ፀሐይ መርካቶ መሐል ወጡ። ገበያው ቀጥ አለ። ሚዛን የያዘ እንደያዘ፣ ሊሳደብ አፉን የከፈተ እንደከፈተ ቀረ። ከመንገዱ ጫፍ ደግሞ ዘቦቹና ካድሬያቸው የገበያው ጸጥታ ገርሟቸው ዞር ማለት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሠርኬ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ከሱቅ ፊት የተሰቀለ ቀይ ጨርቅ መንጭቀው አባባ ረመጥ አንገት ላይ ጣሉና ግራ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰደው «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ብለው ጮኹ። የመርካቶ ሰው ለመግባባት ሁለት ቃል አይፈልግም። መስከረም ሁለት ደርሷል፤ በየቀበሌው ለአብዮት በዓል የሚሠራው የኢምፔሪያሊዝም ዘንዶ ወሬ አገር አዳርሷል። ኩሊው ሸክሙን ጥሎ፣ ቆጮ ሻጯ ቢላዋዋን ሰክታ፣ ሁሉም ግራ እጁን አነሳ። «ይውደም! ይውደም!» እያሉ አባባን መሐል አድርገው ወደ አውቶቡስ ተራ ተመሙ።

ካድሬው መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ኢምፔሪያሊዝም ነዋ፣ ጓድ» አሉ ወይዘሮ ሠርኬ። «ልምምድ ላይ ነን።»

«ከምንድን ነው የሠራችሁት?»

«ከሰልባጅ።»

በዚህ መካከል ሕዝቡ «ይውደም!» ሲል አባባ ረመጥ፣ ሰው ሁሉ ያነሳውን እጅ አለማንሳት ብልግና መስሏቸው፣ የግራ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱ።

«ለምንድን ነው እሱ እጁን የሚያነሳው?» አለ ካድሬው ፊቱ ተለውጦ።

«ተማርኮ ነው፣ ጓድ!»

ካድሬው ሳቀ። በጣም ደስ ስላለው እርሱም ፊት ፊት ሆኖ መፈክር ማስያዝ ጀመረ። ችግሩ፣ ዋናው መንገድ በስብሰባ ተዘግቶ ነበርና ሰልፉን በበርበሬ ተራ በኩል መራው።

በርበሬ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሴቶቹ እየነፉ፣ ብናኙ እንደ ጉም ቆሞ ነበር። ሰልፈኛው መፈክሩን ትቶ ማስነጠስ ያዘ። አባባ ረመጥ አፍንጫቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ቀላ። ጠሂራ አንገታቸው ሥር ሆና «አባባ፣ አደራ፣ አባባ፣ አደራ» ትላለች። ዙሪያው ደረቅ በርበሬ፣ ጆንያ፣ የእንጨት መደብ፣ ሕፃን ያዘለች እናት። አንዲት ንጥሻ ብትወጣ ያ ሰፈር አመድ ነበር። አባባ ረመጥ ቆሙ፣ አፋቸውን ጥርቅም አድርገው ዘጉ፣ ዋጧት። ከውስጣቸው የመኪና ጎማ የፈነዳ ያህል ድው የሚል ተሰማ፤ በጆሯቸው በኩል ጢስ ወጣ።

«ጢስም አለው?» አለ ካድሬው በአድናቆት።

«ጧፍ አስገብተንበት ነው» አሉ ወይዘሮ ሠርኬ እንባቸውን እየጠረጉ።

አውቶቡስ ተራ ሲደርሱ የደሴው መኪና ሞተሩን አስነስቷል። ዱባለ አናቱ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ቆሞ ገመድ ያጠብቃል።

«ዱባለ! ቦንዳውን አውርደው!» አለች ጠሂራ።

«እትዬ ጠሂራ፣ ደጃፍ የወጣ ዕቃ ይመለሳል እንዴ? ታስሯል እኮ!» ብሎ ሲዞር አባባ ረመጥን አየ። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቀ። «ኧረ ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ምነው ወጡ?»

ቦንዳውን እንደ ሕፃን አቅፎ አወረደው። አባባ ረመጥ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው፣ ካፖርቶቹን ገልጠው ጆሯቸውን ደገፉ። ፊታቸው ያን ያህል ሲፈራ ጠሂራ አይታ አታውቅም። ሰልፈኛውም ገብቶት ዝም አለ። ምንም የለም። ከዚያ ነገሩ ያልገባው የመኪናው ረዳት «ደሴ! ደሴ! የሞላ!» ብሎ ጮኸ፤ ከእንቁላሉ ውስጥ ኳ አለ። ረዳቱ ሲያቆም ዝም። ደግሞ ሲጮኽ ደግሞ ኳ፣ ኳ።

«ስሚ» አሏት አባባ ረመጥ። «ስሚ አንቺ ልጅ። እኛ ጸጥ ባልነው ቁጥር እሱ ይተኛል ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ የመጋዘኑ በር ተዘግቶ አያውቅም። ሰው እንዲገባ፣ እንዲያወራ፣ እንዲከራከር ተፈለገ። ካድሬው ግን ያየውን አልረሳም፤ ያ ኢምፔሪያሊዝም በበዓሉ ላይ ይቅረብ ብሎ አዘዘ። አባባ ረመጥ በ1971 ዓ.ም. መስከረም ሁለት ተሰለፉ፣ በተከታዮቹም ዓመታት እንዲሁ። ሰው ተፋባቸው፣ የብርቱካን ልጣጭ ወረወረባቸው። ቤት ሲመለሱ «ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ በእኔ ግን አይመስለኝም» ይሉ ነበር። እርሳቸው በሌሉበት ሰዓት እንቁላሉን ጠሂራና የሠፈሩ ሴቶች እየተቀባበሉ በጭናቸው ያሞቁታል፤ እየተጨቃጨቁ፣ እየተሳሳቁ። አባባ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ብርድ የያዘው እጅ አልነካውም?» ነው።

ለአሥረኛው በዓል ዝግጅት አንድ የሰልፍ ባለሙያ መጥቶ ዞሮ አያቸውና «ይኼ ኢምፔሪያሊዝም ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም» ብሎ በኮምፔንሳቶ በተሠራ ተካቸው። ቤተሰቡ ተገላገልን አለ። እርሳቸው ግን ትንሽ ከፋቸው።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወቅት የጠሂራ ልጅ ሰዓደት አስተማሪ ስለነበረች፣ እናቷንና አባባ ረመጥን ማታ ማታ አንድ ላይ ፊደል አስቆጠረቻቸው። ጠመኔ እጃቸው ላይ እየተሰነጠቀ አስቸገረ እንጂ ፊደሉን ቶሎ ያዙ። ማንበብ ከቻሉ በኋላ ጋዜጣ ለእንቁላሉ ጮክ ብለው ያነቡለት ነበር። ለምርት ዘመቻው ዜና መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ኳስ በራዲዮ ሲተላለፍ ግን ያንኳኳል።

በ1977 ዓ.ም. ከሐይቅ አንድ መልእክተኛ አጥንቱ ገጦ መጣ። ወገኑ ከፊሉ ወደ ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ውኃው ጥልቅ መግባቱን፣ እንቁላል የጣለች እናትም አለመኖሯን ነገራቸው። በመጨረሻ አቀርቅሮ «ያ የገለማው እንቁላል አሁንም አለ?» አለ።

«አልገለመም» አሉ አባባ ረመጥ።

መልእክተኛው እንዲያየው ለመነ። አሳዩት። ሲወጣ ስለ አቃፊነት አንድም የንቀት ቃል አልተናገረም።

ቀጥሎም ወጣት ለውትድርና ሲታፈስ፣ የጠሂራን ልጅ ጠሀን ጨምሮ የስንቱ እናት ልጅ በእነዚያ ክንፎች ሥር ከእንቁላሉ ጋር ተደራርቦ ውሏል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ላቡን የሚያስታውስ አለ።

ያቺ የተዋጠች ንጥሻ ግን ውስጣቸውን ጎድታው ነበር። መጀመሪያ ሳል መሰለ። ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ የተባለው ሁሉ ተሞከረ። ለየትኛው ሐኪም ይታያሉ? ጠሂራ የእቅፍ አባቷን መብረድ ያወቀችው በልብስ ነው፤ ጧት ጀርባቸው ላይ የተሰጣ አንሶላ ማታ ስትነካው እርጥብ ሆኖ አገኘችው። በማግስቱ ሌላ አሰጣች፤ እሱም እርጥብ ነው። በርሜሉም ለብ ከማለት አላልፍ አለ።

ከዕለታት አንድ ቀን እንቁላሉን ከሥራቸው በእጃቸው አወጡ።

«ጠሂራ፣ ተቀበይኝ። አሁን እኔ አበርደዋለሁ እንጂ አላሞቀውም።»

«ኧረ አባባ፣ ይተውኝ! ይሻልዎታል። ትንሽ ይታገሱ።»

«አቃፊ መቀበል ብቻ አይደለም የሚማረው። ተቀበይኝ።»

«ለማን ነው የምሰጠው? አቃፊ የት አለ? ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረ?»

«አብሽሪ» አሉ። «መርካቶ አለ አይደል?»

ጠሂራ ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ አባባ ረመጥ ባዶ ደረታቸውን በክንፋቸው ሸፍነው፣ እንቁላሉ ያለበትን አቅጣጫ እያዩ ቆዩና ታኅሣሥ 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ደጁ በግርግር ተሞልቶ ሳለ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሐይቅ መንገድ በጦርነት ስለተዘጋ ወደ ትውልድ ስፍራቸው መውሰድ አልተቻለም። ሥርዓተ ቀብራቸው በኖሩበት በዚህ መጋዘን ወለል ሥር ይፈጸማል።

አባባ ረመጥ በየተራራውና በየውኃው የተበተኑ የፈለፈሏቸውን ልጆች፣ የእቅፍ ልጃቸውን ጠሂራን፣ አቶ እንድሪስን፣ ሰዓደትንና ጠሀን፣ በክንፋቸው ሥር ያለፉትን ሁሉ፣ እንዲሁም ገና ያልወጣ አንድ ልጅ ትተው አልፈዋል።

ለቀስተኞች ሆይ፣ ይህ ሲነበብ እንቁላሉ በመካከላችሁ ከጭን ወደ ጭን እየዞረ ነው። ከውጭ የገባ ሰው እጁን አሽቶ ይቀበል። የያዘ ሰው ሰላምታ ለመስጠት ብሎ እንዳይነሳ። ሙት ዓመት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ ተራው ለአንድ ሰዓት እንኳ እንዳይቋረጥ አደራ፤ ባለሱቁም፣ ኩሊውም፣ ጌሾ ነጋዴውም ተራው ሲደርስ ሥራ በዛብኝ እንዳይል። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ጸጥ ማለት ወግ መሆኑን ጠሂራ አታጣውም። ዘብ እንዳይሰማም ትፈራለች፤ ከትናንት ጀምሮ ደጁን እያየች ነው የጻፈችው። ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ስላደረገ፣ እንቁላሉ ከትናንት ጀምሮ አላንኳኳም።

እርሳቸው ብርድ ያገኘውን ሁሉ ሳይጠይቁ እንዳቀፉ፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳይጠይቅ ይቀፍልን። አሜን በሉ፤ ጮክ ብላችሁ በሉ። በሉ እንግዲህ፣ አውሩ።